የኦክስጅን ሒሳብ በደምና በኩላሊት፦ የምርመራ ወረቀትዎን ደረጃ በደረጃ ማንበቢያ

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 99 ከመቶ እያሳየ ሰውየው ግን አንድ ፎቅ ወጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ብዙ ጊዜ ይታያል። መሣሪያው አልተሳሳተም። የሚለካው ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ስንት ከመቶው ኦክስጅን እንደጫነ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ብዙ ይሁን ጥቂት አያውቅም። ያንን የሚከታተለው፣ ሲያንስም መቅኔን ‘ጨምር’ ብሎ የሚያዘው ኩላሊት ነው።

ይህ መመሪያ የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የብረትና የኩላሊት ምርመራ ውጤት በእጁ ላለ ሰው የተዘጋጀ ነው። መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም የሐኪም ውሳኔ ነው። ቁጥሮቹ ግን የእርስዎ ናቸው፤ ምን እንደሚሉ ማወቅ ሐኪሙን ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ያስችልዎታል።

መጀመሪያ፣ ደምዎ ስንት ኦክስጅን እንደያዘ ያስሉ

1 ግራም ሄሞግሎቢን ጢም ብሎ ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑን በ1.34፣ ከዚያም በኦክስጅን ሙሌቱ ያባዙ። ሄሞግሎቢኑ በግራም በዴሲሊትር ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ 140 ዓይነት ቁጥር ካዩ በሊትር ስለተጻፈ ለ10 ያካፍሉት። ሙሌቱ 97 ከመቶ ከሆነ 0.97 ብለው ያስገቡ። የሚወጣው ቁጥር 100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን እንዳለ ይነግርዎታል። በሄሞግሎቢን ሳይያዝ በፈሳሹ ውስጥ ብቻ የሟሟው ኦክስጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ቢተው አይጎዳም።

ሦስት ሰዎችን እናወዳድር። የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን 14፣ ሙሌት 97 ከመቶ ነው፤ 18.2 ይወጣል። ሁለተኛው ሄሞግሎቢኑ 14 ሆኖ ሙሌቱ 80 ከመቶ ወርዷል፤ 15.0 ይወጣል። ሦስተኛው ሙሌቱ 99 ከመቶ ነው፣ ሄሞግሎቢኑ ግን 7፤ 9.3 ይወጣል። መለኪያው ሁለተኛውን አይቶ ይጮኻል፣ ሦስተኛውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከሦስቱ ትንሹን ኦክስጅን የተሸከመው ግን ሦስተኛው ነው።

ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። የመጀመሪያው ሰው በደቂቃ 910 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ለሰውነቱ ያደርሳል ማለት ነው፤ ሦስተኛው 465 ብቻ። ሰውነት ሲያርፍ የሚፈጀው 250 ገደማ ስለሆነ ሦስተኛው ሰው ተቀምጦ ደህና ይመስላል። ደረጃ ሲወጣ ግን ፍላጎቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ልቡ እየሮጠ ለማካካስ ይሞክራል፣ አይደርስበትም። በደም ማነስ ጊዜ የልብ ምት የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

የጣት መለኪያውን ሲጠቀሙ ጣትዎን ያሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። መሣሪያው ቀይና ከቀይ በታች የሆነ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያሰላው። ስለዚህም ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሙሌቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። የከሰል ጭስ በታፈነ ክፍል ውስጥ የተነፈሰ ሰው ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይታመንም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ ያልፈዋል።

ለመሆኑ ኩላሊት ይህን ሥራ እንዴት ያዘ?

ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው የሰውነት ክብደትን ግማሽ ከመቶ አይሞሉም። ልብ ከሚረጨው ደም ግን ከ20 እስከ 25 ከመቶ የሚሆነው በእነሱ በኩል ያልፋል። ይህን ያህል ደም የሚመጣላቸው ለማጣራት እንጂ ኦክስጅን ርቧቸው አይደለም።

ረቂቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ወይም አንጎል የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ሥራው ስለማይቀንስ ወዲያው ኦክስጅን ያጥረዋል። ኩላሊት ኦክስጅኑን በአብዛኛው የሚያውለው ያጣራውን ጨው መልሶ ለመምጠጥ ነው። የሚደርሰው ደም ሲቀንስ የሚያጣራው ጨው ይቀንሳል፣ ሥራውም ይቀላል። ፍሰቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንግዲህ ልኬቱ አይዛባበትም፤ የሚሰማው ደሙ ራሱ የተሸከመው ኦክስጅን ሲጎድል ነው። ለመለኪያነት ከዚህ የተሻለ ቦታ ሰውነት ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ልኬቱን የሚሠሩት በሽንት ቱቦዎቹ መካከል የተሰገሰጉ ሴሎች ናቸው። በውስጣቸው ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይመረታል። ኦክስጅን በበቂ ካለ አንድ ኢንዛይም በኦክስጅንና በብረት ታግዞ ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት የተደረገበት ሂፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክት አድራጊው ሥራ ይፈታል። ሂፍ ሳይፈርስ ይጠራቀምና ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ኢሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመርተውን ጂን ያስነሳል። ይህን አሠራር የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በአዋቂ ሰው ከሆርሞኑ 90 ከመቶ ያህሉን ኩላሊት ያመርታል፤ ቀሪው በአብዛኛው የጉበት ነው። ጉበት በማሕፀን ሳለን ዋናው አምራች ቢሆንም ካደግን በኋላ የኩላሊትን ጉድለት የሚሞላ አቅም የለውም። መቅኔ ውስጥ ሆርሞኑ አዲስ ትእዛዝ ይዞ አይመጣም፤ ሊሞቱ የተሰለፉ ጨቅላ የቀይ ደም ሴሎችን ከሞት ያተርፋል። የተረፉት በዝተው ሄሞግሎቢን ይሞላሉ።

ኩላሊት በሌላም በኩል ሒሳቡን ይዟል። ጨውና ውሃ በማስወጣትና በማስቀረት የደሙን ፈሳሽ ክፍል መጠን ይወስናል። ሄሞግሎቢን የሚለካው በፈሳሹ መጠን ተካፍሎ ስለሆነ ተቅማጥ ያደረቀው ሰው ላይ ሳይበዛ የበዛ፣ እግሩ ያበጠ ሰው ላይ ደግሞ ሳያንስ ያነሰ ይመስላል። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ደሙን ሁልጊዜ ከእጥበቱ በፊት ይስጥ። አንዴ በፊት፣ አንዴ በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎችን ማወዳደር ያሳስታል።

ጊዜውን ሳያውቁ ምርመራ አይድገሙ

ኦክስጅን ካነሰ በኋላ ሆርሞኑ በደም ውስጥ መጨመር የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው። አዳዲስ ጨቅላ ቀይ የደም ሴሎች፣ ማለትም ሬቲኩሎሳይቶች፣ በ3 ወይም በ4 ቀን መብዛት ይጀምራሉ። ሄሞግሎቢኑ ራሱ በሚታይ መጠን ከፍ ለማለት ሳምንታት ይፈልጋል። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሕክምና ከተጀመረ በ4ኛው ቀን ሲቢሲ ሠርቶ ‘አልሠራልኝም’ ማለት እንግዲህ ገና ያልበሰለን እንጀራ ከምጣድ ማንሳት ነው። በዚያ ሳምንት የሚጠየቀው ሬቲኩሎሳይት ነው፤ ሄሞግሎቢን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይታያል።

ሬቲኩሎሳይቱን ያርሙ

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንደሚለው አዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች አዋቂ ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ አለ። ቀጣዩ ጥያቄ መቅኔው ምላሽ እየሰጠ ነው ወይ የሚለው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የሬቲኩሎሳይት መቶኛ እንዳለ ከተወሰደ ያታልላል፤ የበሰሉት ሴሎች ሲያንሱ የጨቅላዎቹ ድርሻ ሳይበዙ የበዛ ይመስላልና።

እርማቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መቶኛውን በሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ የያዙት ድርሻ በመቶኛ) አባዝተው ለ45 ያካፍሉ። ቀጥሎ ጨቅላዎቹ ከመቅኔ ቀድመው ስለሚወጡና ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ሄማቶክሪቱ 35 አካባቢ ከሆነ ለ1.5፣ 25 አካባቢ ከሆነ ለ2፣ 15 አካባቢ ከሆነ ለ2.5 ያካፍሉ። ምሳሌ፦ ሬቲኩሎሳይት 3 ከመቶ፣ ሄማቶክሪት 25። 3 በ25 ሲባዛ 75፣ ለ45 ሲካፈል 1.67፣ ለ2 ሲካፈል 0.83። ‘3 ከመቶ ከፍ ያለ ነው’ ተብሎ ሊታለፍ የነበረው ቁጥር መቅኔው እንደተኛ ተናገረ። ደም ያነሰው ሰው የታረመው ቁጥሩ ከ2 በታች ከሆነ ምላሹ በቂ አይደለም፤ ወይ ትእዛዙ አልመጣም፣ ወይ ጥሬ ዕቃው የለም፣ ወይ መቅኔው ታሟል። ከ3 በላይ ከሆነ መቅኔው እየሠራ ነው፤ ደሙ የሚፈስበት ወይም የሚፈርስበት ቦታ ይፈለግ።

ትእዛዝ ቢኖርም ብረት ከሌለ

እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን አራት የብረት አቶሞች ይዟል፤ ኦክስጅን የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው። መቅኔ በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል። ከምግብ የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ከሚሞቱ አሮጌ ሴሎች ተመልሶ የሚመጣ ነው። ደም የሚፈስሰው ሰው እንግዲህ ይህን ተመላሽ ሀብት ያጣል።

ሁለት ቁጥሮችን አብረው ያንብቡ። ፌሪቲን ጎተራው ውስጥ ያለውን ያሳያል፤ የትራንስፈሪን (ብረትን በደም ውስጥ የሚያጓጉዘው ፕሮቲን) ሙሌት መንገድ ላይ ያለውን። ሙሌቱ ካልተጻፈልዎ የሴረም ብረቱን (በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ብረት) ለቲአይቢሲ (ደሙ በጠቅላላ ሊሸከም ለሚችለው ብረት) አካፍለው በ100 ያባዙ፤ 40 ለ320 ሲካፈል 12.5 ከመቶ ይሆናል። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ከ30 በታች የሆነ ፌሪቲን የብረት እጥረትን አጥብቆ ያመለክታል። በኩላሊት ሕመም ግን መስፈሪያው ይለያል፦ ሙሌቱ 20 ከመቶ ወይም በታች ሆኖ ፌሪቲኑ እጥበት ላልጀመረ ሰው 100 ወይም በታች፣ እጥበት ላይ ላለ 200 ወይም በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ፌሪቲን 400 ሆኖ ሙሌቱ 14 ከመቶ ሲሆን ነው። ብረት አለ፣ ግን ተቆልፎበታል። ቁልፉ ጉበት የሚያመርተው ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ቁስለትና ኢንፌክሽን ሲኖር ይበዛል፣ የደከመ ኩላሊትም በሽንት ስለማያስወጣው ይጠራቀማል። የአንጀትንም የጎተራውንም በር ይዘጋል። እንዲህ ላለ ሰው ክኒን መደራረብ ብዙ ጊዜ ትርፉ የሆድ ሕመም ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። ኢንፌክሽን እያለ ግን በደም ሥር ብረት አይሰጥም፤ ባክቴሪያም ብረት ይወዳል።

ክኒን ከታዘዘ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጥ። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ የካልሲየምና የጨጓራ አሲድ መድኃኒቶች መምጠጡን ስለሚያደናቅፉ ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑር። ጨጓራ ካስቸገረ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የዛሬው ክኒን ሄፕሲዲንን ለአንድ ቀን ያህል ስለሚያስነሳ የነገው በደንብ አይመጠጥም። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው። ጠቁሮ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን የደም መፍሰስ ምልክት ነው፤ ሳያድሩ ይታዩ።

አሁን ወደ ኩላሊቱ ራሱ

ክሪያቲኒኑን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደውን የጡንቻ ቆሻሻ) ብቻ አይመልከቱ፤ ከእሱ የሚሰላውን ጂኤፍአር (የኩላሊት የማጣራት አቅም) ይጠይቁ። ከ60 በታች ሲወርድ ደም ማነስ መታየት ይጀምራል፤ ከ30 በታች የተለመደ ይሆናል። ጂኤፍአሩ 75 ሆኖ ሄሞግሎቢኑ 8 የሆነ ሰው ላይ ኩላሊትን መውቀስ አይገባም፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ከ30 እስከ 59 ላለ ሰው ሄሞግሎቢን ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ከ30 በታች ላለ በዓመት ሁለቴ፣ እጥበት ላይ ላለ በየ3 ወሩ ይታያል። የታወቀ ደም ማነስ ካለ ከዚህ ይደጋገማል።

የኢሪትሮፖይቲን መጠንን ማስለካት በኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ውጤቱ ‘ኖርማል’ ተብሎ ሊመለስ ይችላልና። ሄሞግሎቢኑ 8 የሆነ ሰው ሆርሞኑ ከተለመደው በብዙ እጥፍ መብዛት ሲገባው እዚያው ከቆመ፣ ያ ኖርማል ቁጥር ራሱ ጉድለቱ ነው።

መርፌው የሚጠበቅበት መንገድ

የኢሪትሮፖይቲን መርፌ ከመጀመሩ በፊት ብረቱ ይስተካከላል፤ ጡብ ሳይኖር ግንበኛ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። እጥበት ላልጀመረ ሰው በአብዛኛው የሚታሰበው ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ሲወርድ ነው፤ ሲሻሻልም ባጠቃላይ ከ11.5 እንዲያልፍ አይፈለግም። ‘ለምን እንደ ጤነኛ ሰው 14 አይደርስልኝም?’ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2009 ከታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ተገኘ፦ ወደ 13 እና ከዚያ በላይ እንዲወጣ የታከሙት አልተጠቀሙም፤ በ2009ኙ ጥናት ስትሮክ ወደ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ፍጥነቱም ይታያል። በ2 ሳምንት ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ ለሐኪሙ ይነገር፣ መጠኑ ይቀነሳል። ደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ቤት ውስጥ እየለኩ ይጻፉ።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ፣ ከብርሃን ተከልሎ ይቀመጣል። አይናወጥ፤ ፕሮቲን ስለሆነ ሲናወጥ ይበላሻል። በረዶ የነካው ቢቀልጥም ይጣል። ከመወጋትዎ በፊት ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፦ የጠራና ቀለም አልባ መሆን አለበት፤ ደመናማ ከሆነ ወይም ተንሳፋፊ ነገር ካዩበት አይውጉት። ከማቀዝቀዣ አውጥተው ትንሽ ቢያቆዩት ሲወጋ ሕመሙ ይቀንሳል። የሚወጋበት ቦታ በየጊዜው ይቀያየር፦ ጭን፣ የላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን፣ ከእምብርት ራቅ ያለ ሆድ።

መርፌው እየተሰጠ ሄሞግሎቢኑ ካልተነሳ መጠን ከመጨመር በፊት ብረቱ ይታይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ቀጥሎ የተደበቀ ኢንፌክሽን (ጥርስና የእጥበት ቱቦ ወይም ካቴተር ይታዩ)፣ የደም መፍሰስ፣ በቂ ያልሆነ እጥበት፣ የበዛ ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ የቢ12 እና የፎሌት እጥረት ይፈለጋሉ። ሄሞግሎቢኑ በፍጥነት እየወረደ ሬቲኩሎሳይቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ግን ከባድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት በሆርሞኑ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል ማለት ነው፤ መርፌው ወዲያው ይቆማል። ኩላሊት ለመቀየር የሚጠብቅ ሰው ደም ከመውሰዱ በፊት ኩላሊት እየጠበቀ መሆኑን ለሐኪሙ ያስታውስ። የተሰጠው ደም የሚያስነሳው ፀረ እንግዳ አካል ተስማሚ ኩላሊት ማግኘትን ያከብዳል።

ቁጥሩ ከፍ ሲል

ሄሞግሎቢን በወንድ ከ16.5፣ በሴት ከ16 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ጠጥተው፣ አርፈው ይድገሙት። ከተደገመ የኦክስጅን ሙሌቱ ይለካ። ዝቅ ያለ ከሆነ ኩላሊቱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሳንባ ወይም ልብ፣ ወይም ከፍተኛ ቦታ ላይ መኖር ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የሚቋረጥ ትንፋሽ ቀን ላይ ሲለካ ላይታይ ስለሚችል ሌሊት ክፉኛ ማንኮራፋት ካለ ይንገሩ። አጫሽ ከሆኑም ይንገሩ። ሙሌቱ ደህና ከሆነ ኢሪትሮፖይቲን የሚለካበት ጊዜ አሁን ነው። ዝቅ ብሎ ከተገኘ መቅኔው ያለ ትእዛዝ እያመረተ ነውና ጃክ2 የሚባለው የጂን ለውጥ ይመረመራል። ካልወረደ የኩላሊት አልትራሳውንድ ይደረግ፤ እጢ፣ የውሃ ከረጢት ወይም የጠበበ የኩላሊት ደም ሥር ሐሰተኛ ትእዛዝ ሊልኩ ይችላሉ። ቴስቶስትሮንና ስማቸው በግሊፍሎዚን የሚያልቅ የስኳር መድኃኒቶችም ሄማቶክሪትን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሚወስዱትን ሁሉ ጽፈው ይሂዱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከጨመቀዎ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ሄሞግሎቢንዎ ከ7 በታች ከሆነ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንድ ጎን ከደነዘዘ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተንተባተበም እንዲሁ፤ በተለይ መርፌው ላይ ላለ ወይም ሄሞግሎቢኑ ከመጠን በላይ ለሆነ ሰው። የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና ያለፉትን የሲቢሲ ወረቀቶች ይዘው ይሂዱ፤ ሄሞግሎቢን 7 በ3 ወር የወረደ ሲሆንና በ3 ቀን የወረደ ሲሆን ሕክምናው አንድ አይደለም።